በቀቀንን ጨዋታ ማስተማር በሰሜን ሸዋ

በቀቀንን ጨዋታ ማስተማር ማለት ወፉ በቃል ወይም በእጅ ምልክት ሲጠየቅ አንድ የታወቀ ድርጊት እንዲፈጽም ማለማመድ ነው። በራሱ ላይ መዞር፣ እግር ማንሳት፣ ክንፍ መዘርጋት፣ የወደቀ ዶቃ ለቅሞ መዳፍ ላይ ማስቀመጥ፣ ሲጠየቅ ቃል መናገር ከዚህ ይቆጠራሉ። በሰሜን ሸዋ ይህ የቆየ ልማድ አይደለም። አገሩ የሚያውቀው የወይፈንና የፈረስ መግራትን ነው፤ ወይፈኑ ከለመደ በሬ ጋር ይጠመዳል፣ ቀንበር ይከብደዋል፣ ጅራፍ ሲጮህ ይሰማል፣ ውሎ አድሮም ትልም መከተል ይለምዳል። በቀቀን እንዲህ አይገራም። ያስፈራሩት ወፍ ይነክሳል፣ የገዛ ላባውን ይነጫል፣ ወይም ከጎጆው ጥግ አልወርድ ብሎ ይቀራል። ሳያስተውል የሚደግመውን ሰው «እንደ በቀቀን» የምንለውም ወፉን ትንሽ ሳይበድለው አልቀረም።

አካባቢው የራሱ በቀቀኖች አሉት። ከአንኮበር እስከ ጣርማበር በተዘረጋው ገደላ ገደል ላይ ያለው የወፍ ዋሻ ደን ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ የበዛበት ነው። በነዚህ የደጋ ዛፎች ላይ ክንፉ ጥቁር የሆነው ትንሹ አረንጓዴ በቀቀን ይታያል። ቁመቱ 16 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ የሚገኘውም በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። ወንዱ ግንባሩና የዓይኑ ዙሪያ ቀይ ስለሆነ ከሩቅ ይለያል፤ ሴቷ አረንጓዴ ብቻ ናት። የጥድና የሾላ ፍሬ ይለቅማሉ፣ ሌሊቱን በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ያሳልፋሉ። ግንባሩ ቢጫ የሆነው ተለቅ ያለ በቀቀን ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም።

እነዚህን አጥምዶ ቤት ማስገባት ግን የዚህ ትምህርት አካል አይደለም። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የሚያስጠይቅ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል የሆነችበት ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም የአብዛኞቹን የበቀቀን ዝርያዎች ንግድ ይቆጣጠራል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ጎልምሶ የተያዘ የጫካ ወፍ ሰውን የሚያየው እንደ ጭልፊት ነው። ለማስተማር የሚመቸው በሰው እጅ ተፈልፍሎ ያደገ ወፍ ነው፤ ከእነዚህም ትንሽና ቀላል ከሆኑት አንዱ መነሻው አውስትራሊያ የሆነው በቀቀን፣ ባጀሪጋር ነው።

የሥልጠናው ምስጢር ሽልማቱ ላይ ሳይሆን ሰዓቱ ላይ ነው። ወፉ ትክክለኛውን ነገር በሠራበት ቅጽበትና ፍሬው አፉ ውስጥ በሚገባበት ቅጽበት መካከል ሁለት ሦስት ሰከንድ ያልፋል፤ በዚያ መካከል ራሱን ያካል፣ ወደ መስኮት ይዞራል፣ ሽልማቱም የየትኛው እንደሆነ ይጠፋበታል። ስለዚህ ድርጊቱን ከፍሬው ጋር የሚያያይዝ አጭር ድምፅ ያስፈልጋል። በአማርኛ ለዚህ «ጎሽ» የመሰለ ቃል ማግኘት ይከብዳል፤ አጭር ነው፣ ቁርጥ ያለ ነው፣ ለምስጋና የተፈጠረ ነው። ችግሩ ልጆች ባሉበት ቤት «ጎሽ» ቀኑን ሙሉ ይባላል፤ ያለ ፍሬ ሃምሳ ጊዜ የተሰማ ቃል ደግሞ ለወፉ ባዶ ነው። እንዲህ ባለ ቤት የምላስ ጠቅታ ወይም ተጭነው የሚከፍቱት እስክሪብቶ ድምፅ ይሻላል። መጀመሪያ ምንም ሳይጠይቁ ድምፁን አሰምቶ ወዲያው ፍሬ መስጠት ነው፤ ወፉ ድምፁን ሲሰማ ፊቱን ወደ እጅ ካዞረ ገብቶታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጭራሮ ነው። ጫፉ ለወፉ ይቀርባል፤ በቀቀን አዲስ ነገር በመንቁሩ ሳይሞክር አያልፍምና ይነካዋል፤ ያኔ ጠቅታና ፍሬ ይከተላሉ። ጫፉን መንካት የለመደ ወፍ ጫፉ ወደ ሄደበት ይሄዳል። መዞርን ለማስተማር ጭራሮው ከአንገቱ ጎን ተነሥቶ ወደ ጀርባው ይሳባል። ራሱን ብቻ ቢያዞር በመጀመሪያው ቀን ይበቃል። ነገ አንድ እግሩን ካላነሳ ጠቅታ የለም፣ ከነገ ወዲያ ግማሽ ዙር ካልሞላ የለም፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሙሉ ዙር ይደርሳል። ከዚያ ጭራሮው ያጥርና ጣት ይተካዋል፣ የጣቱም ክብ እየጠበበ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቃሉን ከመጀመሪያው ቀን መጮህ በመጀመሩ ነው። «ዙር» መባል ያለበት ወፉ መዞሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ የጣቱን ምልክት ለጥቂት በመቅደም ነው። በዚህ ወቅት የሚያስቅ ነገር ይመጣል፤ ወፉ ዙሩ ፍሬ እንደሚያስገኝ ስላወቀ ማንም ሳይጠይቀው ደጋግሞ ይዞራል። ያን ጊዜ ያልተጠየቀው ዙር ሳይከፈል ይቀራል፣ የተጠየቀው ብቻ ይከፈላል። ጨዋታው በትእዛዝ ሆነ የሚባለው ሳይጠየቅ ዝም ብሎ የሚቆም ወፍ ሲጠየቅ ሲዞር ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ የራሱ ወጥመድ አለው። የብዙ በቀቀን ዝርያ ወንድና ሴት በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ አባት «ዙር» ሲል እናት «ዙሪ» ትላለች፣ ልጅ «ና» ሲል እህቱ «ነይ» ትላለች። ለሰው አንድ ነው፤ ለወፉ ግን አራቱም የተለያዩ ድምፆች ናቸው። ቤተሰቡ ጾታውን አንድ ጊዜ መወሰን አለበት፤ ቢሳሳትም ወፉ አይቀየምም።

ዘዴው የተቀረጸው በላቦራቶሪ ነው። የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ስኪነር ተማሪዎች የነበሩት ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከላቦራቶሪ አውጥተው ለትርኢት እንስሳት አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ጽሑፍ ግን የራሳቸውን ውድቀት አልደበቁም፤ ሳንቲም አምጥቶ ዕቃ ውስጥ መጣል የለመደው አሳማ ውሎ ሲያድር ሳንቲሙን በአፍንጫው መቆፈር ጀመረ። ተፈጥሮ ተመልሶ ይመጣል። በቀቀንም ማኘክ ተፈጥሮው ነውና የብር ኖት አምጣ የተባለ ወፍ ጫፉን ጎምዶ ቢያስረክብ አይደንቅም። ንግግርን በተመለከተ ስሙ የሚነሣው አሌክስ የተባለው የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን ነው። አይሪን ፔፐርበርግ እ.ኤ.አ. በ1977 ገዝታ፣ በ2007 እስኪሞት ድረስ ከ100 በላይ ቃላት፣ ቀለሞችንና ቅርጾችን አስተምራዋለች። ዘዴዋ ሁለት ሰዎች ፊቱ ተቀምጠው አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ሲመልስ ማሳየት ነበር፤ በቄስ ትምህርት ቤት ታላቁ ታናሹን ሲያስቀጽል ዳር ሆኖ የሚሰማው ሕፃን እንደሚማረው ማለት ነው።

ልምምዱ አጭር ይሁን፤ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከዋናው ምግብ በፊት ይበቃል። ማስራብ ግን አይገባም። ለሽልማት ለሁለት የተከፈለ የሱፍ ፍሬ ወይም የለውዝ ፍርፋሪ ይሆናል፤ ለባጀሪጋር ኑግ ይበቃዋል። እኛ ዘይት የምናወጣበት ኑግ አሜሪካ ሲደርስ በዋናነት የወፍ መኖ ሆኖ ይሸጣል። አቮካዶ፣ ቸኮሌትና ቡና መርዝ ናቸው፤ ጨው የገባበት ቆሎና ፈንዲሻም አይሰጥም።

ከምግቡ ይልቅ በእኛ ቤት የሚያሰጋው ጢስ ነው። የወፍ ሳንባ ከአየር ከረጢቶች ጋር ተያይዞ አየሩን እጅግ አሟጦ ስለሚጠቀም፣ ለሰው እንባ ብቻ የሚያመጣ ጢስ ወፉን ሊጎዳው ይችላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሲወርድ ደጅ መተው አይቻልም፣ ሰው ከሚሞቀው ከሰል አጠገብ ማምጣቱ ደግሞ ይብሳል። ኩበት የሚነድበት ወይም ዕጣን የሚጨስበት ክፍል የወፍ ክፍል አይደለም። የማይጣበቅ መጥበሻ ከልክ በላይ ሲግል የሚያወጣው ሽታ የሌለው ጋዝም በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል።

ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ወፉም እንዲዞር ይጠየቃል። አይዞርም። የተማረው ጸጥ ባለ ክፍል፣ ከአንድ ሰው ፊት ነው፤ ለእሱ ስድስት አዲስ ፊትና የሲኒ ኳኳታ ያለበት ቤት ሌላ ቦታ ነው። ሲጮህ እንግዶቹ ከሳቁ ደግሞ መጮህን ይማራል፤ ሳቅም ሽልማት ነውና። የሚሻለው አንድ እንግዳ ብቻ አስቀምጦ ከጭራሮው እንደገና መጀመር፣ ከዚያ ሁለተኛውን መጨመር ነው። ላባውን በሚቀይርበት ወቅት ደግሞ ስለሚያሳክከውና ስለሚነጫነጭ ጭራሮው ለጥቂት ሳምንታት ይሰቀላል።