የብጉር ጠባሳ ምንድን ነው? ጥቁረቱስ?

ሰሞኑን አንድ ሰው በቪዲዮ «የብጉር ጠባሳ በ7 ቀን ድራሹ ይጠፋል» ሲል ሰማሁ። ያሳየው ፊት ላይ ግን አንድም ጠባሳ የለም። ያለው ጥቁረት ነው። ወንድሜ፣ ጥቁረት ጠባሳ አይደለም። ማዲያት የሚሉትም አሉ፤ እሱ ደግሞ ሌላ ነው።

ነጠላ ላይ ቡና ሲፈስና ፍም ሲወድቅ አንድ ነው? ቡናው ቀለም ይተዋል፤ ክሩ ግን አለ። ፍሙ ክሩን ራሱን ይበላዋል። ብጉርም እንዲሁ ነው። ቆዳው ከተቆጣ በኋላ ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ሲያበዙት ጥቁረት ይቀራል። እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ በጣም የተለመደ ነው። እብጠቱ ጠልቆ ኮላጅኑን፣ ማለትም ቆዳውን አጽንቶ የሚይዘውን ክር፣ ሲበላው ነው ጠባሳ የሚባለው፤ ይጎደጉዳል። አንዳንዴ ደግሞ በተቃራኒው ይቆለላል፣ በተለይ መንጋጋ፣ ደረትና ትከሻ ላይ።

መስታወት ይዛችሁ መስኮት አጠገብ ቁሙ። ብርሃኑ በጎን ይምታችሁ። ምልክቱ ጥላ ከጣለ ጎድጉዷል ወይም ተቆልሏል፤ ጠባሳ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣት ስትዳስሱት ካጣችሁት ቀለም ብቻ ነው።

ይህን የማጠብቀው ለስሙ ብዬ አይደለም። ጥቁረት በራሱ ይለቃል፤ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል እንጂ። ጉድጓድን ግን የሚቀባ ነገር አይሞላውም። ፍም እንደበሳው ነጠላ መጣፍ አለበት፤ በጥቃቅን መርፌ በመጠቅጠቅ፣ በሌዘር፣ ቆዳውን ወደ ታች የያዘውን ክር ከሥር በመቁረጥ። ያም ሆኖ ይሻሻላል እንጂ እንደ ድሮው አይሆንም። ሌዘር ጠይም ቆዳን መልሶ ሊያጠቁር ስለሚችል ይህን ቆዳ የለመደ ባለሙያ ፈልጉ።

«ጠባሳ ነው» የተባለች ልጅ ትደነግጣለች፤ ያገኘችውን ትቀባለች። አንዲት ወጣት ስም በሌለው ትንሽ ዕቃ ፊት የሚያቀላ ክሬም ይዛልኝ መጣች። ጉንጯ ሳስቶ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ። ብጉሩም እንደ አዲስ ፈልቷል። እንዲህ ያለ ቅልቅል ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት፣ አለ። በረኪና በሉት። ቡናውን ያለቅቃል፣ ክሩንም ያሳሳል። (ስቴሮይድ በሐኪም እጅ በመርፌ ሲሰጥ ለተቆለለ ጠባሳ መድኃኒት ነው። ፊት ላይ በየቀኑ መለቅለቅ ግን ሌላ ነገር ነው።)

ደግሞስ ቡናው እየፈሰሰ ነጠላ ይታጠባል? መጀመሪያ ብጉሩ ይቁም። ማታ ማታ አዳፓሊን የሚባለውን የብጉር ቅባት በስሱ፤ ወይም ሌላውን የብጉር ቅባት፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድን፤ እሱ የፎጣና የትራስ ጨርቅ ቀለም ስለሚያለቅቅ ተጠንቀቁ። 2 ወይም 3 ወር ሳይሞላ «አልሠራልኝም» አትበሉ። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች አዳፓሊንን ትተወው፤ አዜላይክ አሲድ ለብጉሩም ለጥቁረቱም ይሆናታል። የጸጉር ቅባትና ቅቤ ግንባር ላይ አይውረድ። ቀን ቀን የፀሐይ መከላከያ ተቀቡ፣ ቢቻል የቆዳ ቀለም ያለውን። አታፍርጡት።

ጠልቆ የሚያም እባጭ ካላችሁ ግን ክሬም እየቀያየራችሁ አትቆዩ፤ ቶሎ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። ጉድጓዱን የሚቆፍረው እሱ ነው። ጥቁረቱ ይቆየን፣ ይደርሳል።