ቦሪ ምንድን ነው?

በሰሜን ናይጄሪያና በደቡብ ኒጀር ያሉ ሐውሳዎች የልጅነት ልምሻን «ሻን ኢና» ይሉታል። ሲፈታ «የኢና መጠጣት» ነው። ሕፃኑን ትኩሳት ይይዘዋል፤ ትኩሳቱ ሲለቀው አንድ እግሩ ሰልሎ ይቀራል። ኢና ጠጣችው ማለት ነው። ኢና የማትታይ ሴት ናት፤ ወገኗም ከከብት አርቢዎቹ ከፉላኒዎች ነው። እንደሷ የማይታዩ ብዙ ጎረቤቶች አሏት፤ ሼህ አለ፣ ልዑል አለ፣ ዓይነ ስውር አለ፣ ሥጋ ደዌ የያዘው አለ። ከነዚህ ጋር የሚደረገው ግንኙነት፣ መያዙም፣ ዘፈኑም፣ ሕክምናውም በአንድ ቃል ቦሪ ይባላል።

ቦሪን ወደ አማርኛ መልስ ብባል «ጥንቆላ» አልልም። «ዛር» እላለሁ። መመሳሰሉ አንዳንዴ ያስደነግጣል። እኛ ዛር የወረደበትን ሰው «የዛር ፈረስ» እንላለን፤ ሐውሳዎችም መንፈሱ የሚጋልበውን ወንድ «ዶኪ» ይሉታል፣ ፈረስ ማለት ነው፤ ሴቷን «ጎዲያ» ይሏታል፣ ባዝራ ማለት ነው። መያዝ የሚባለውን ነገር የሚገልጹትም «ወጣባት» ብለው ነው፤ ሰው ኮርቻ ላይ እንደሚወጣው።

ከዚህ የበለጠ የገረመኝ የትውልድ ታሪካቸው ነው። እኛ ዘንድ የሚነገረው ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት፤ እግዜር ሊቆጥራቸው ሲመጣ ያማሩትን 15ቱን ደበቀች፤ እሱም «የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ» አለ፤ ዛሮች እነሱ ናቸው የሚል ነው። ሐውሳዎችም ይህንኑ ያወራሉ፤ አዳምና ሔዋን መልከ መልካሞቹን ልጆቻቸውን ደበቁ፣ የተደበቁትም የማይታዩ ሆነው ቀሩ። በኛና በነሱ መካከል ሱዳን፣ ቻድና ግማሹ ሳህል አለ።

መናፍስቱ በሐውሳ ቋንቋ «ኢስኮኪ» ይባላሉ፤ ነጠላው «ኢስካ» ነው፣ ነፋስ ማለት ነው። መጋኛ መታው የምንል ሰዎች ነፋስ ሰው ሊመታ እንደሚችል ማንም ሊያስረዳን አይገባም። ከእስልምና ጋር የገባው ሁለተኛው ስማቸው ደግሞ «አልጃኑ» ነው፣ ጂን ከሚለው። የሚኖሩት ጃንጋሬ በሚባል ከተማ ነው። ጃንጋሬ እንደማንኛውም የሐውሳ ከተማ ንጉሥ አለው፣ በየወገኑ የተከፈሉ ቤቶች አሉት፣ ጋብቻና ጠብ አለበት። ማላም አልሐጂ መካ ደርሶ የተመለሰ ሽማግሌ ሼህ ነው። ኩቱሩ ሥጋ ደዌ ያለበት ነው። ዳን ጋላዲማ ልብሱ ያማረ፣ እጁ የማይሰበሰብ ልዑል ነው። ሳርኪን ራፊ የወንዝ ጌታ ነው። ያር ዛንዛና ፈንጣጣ የምታመጣዋ ናት። እያንዳንዱ የራሱ ሕመም፣ የራሱ ቀለም ያለው ዶሮ ወይም ፍየል፣ የራሱ ልብስና የራሱ ዜማ አለው።

ዜማው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ያለ ዜማ ቦሪ የለምና።

ሲጀመር አንድ ሰው ጎጌ ይዞ ይቀመጣል። ጎጌ ባለ አንድ ክር መሣሪያ ነው። ክሩ የፈረስ ጭራ ነው፣ መምቻው ደጋንም የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ነው። እስከዚህ ድረስ ማሲንቆ ነው። የሚለየው ሆዱ ነው፤ የማሲንቋችን ገላ አራት ማዕዘን እንጨት ላይ የተወጠረ የፍየል ቆዳ ሲሆን፣ ጎጌ ግን ለሁለት የተሰነጠቀ ቅል ላይ የአርጃኖ ቆዳ የተወጠረበት ነው። ድምፁም ሻካራ፣ እንደማልቀስ ያለ ነው። ከጎኑ ሌሎች ሰዎች ትልልቅ ቅሎች መሬት ላይ ደፍተው በእንጨት ይመቷቸዋል። በሌላ ቦታ በጎጌ ፈንታ ጋራያ የሚባል ባለ ሁለት ክር የሚመታ መሣሪያ ይይዛሉ።

የሚዘፈነው ለሕዝቡ ብቻ አይደለም፤ ለመንፈሱም ነው። እያንዳንዱ መንፈስ «ኪራሪ» አለው። ኪራሪ ሙገሳ ነው፣ ግን «ጎበዝ ነህ» ብሎ የሚያልፍ ሙገሳ አይደለም። ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንደሚፈራለት በአጭር በአጭሩ የሚደረድር ነው። ሐውሳዎች ለንጉሥ፣ «ዳምቤ» ለሚባለው የቡጢ ግጥሚያ ተጋጣሚ፣ ለጅብና ለአንበሳ ሳይቀር ኪራሪ አላቸው። «አባ ታጠቅ»፣ «አባ ዳኘው» የሚባለውን የፈረስ ስም ከፉከራ ጋር አንድ ላይ ብትቋጥሩት ወደ ኪራሪ ትጠጋላችሁ። ሰው ስሙ ሲጠራ እንደሚዞር፣ መንፈሱም ኪራሪው ሲወርድለት ይመጣል። ስለዚህ ጎጌ መቺው የጃንጋሬን ሰው ሁሉ በዘር በትውልድ ማወቅ አለበት። ዜማ ቢያምታታ የማይፈለገው እንግዳ ይመጣል።

ፈረስ የምትሆነዋ ሴት እግሯን ዘርግታ፣ ልብስ ተከናንባ ትቀመጣለች። ሽቶ ይረጫል፤ መናፍስቱ ሽቶ ይወዳሉ፣ በዚህም ከኛዎቹ አይለዩም። መጀመሪያ ታዛጋለች። ከዚያ ዕንባና ንፍጥ፣ ምራቅም ይመጣል፤ ሰውነቷ ይርገፈገፋል። በድንገት ትነሳና ወደ ላይ ዘልላ፣ እግሯን እንደዘረጋች፣ በመቀመጫዋ ዱብ ትላለች። ደግማ ትዘላለች። በጤናዋ ብታደርገው ወገቧ በተሰበረ። ከዚያ በኋላ እሷ የለችም። የመጣው ማላም አልሐጂ ከሆነ ነጭ ጀለቢያ ያለብሷታል፣ መቁጠሪያ ያስይዟታል፤ የ25 ዓመት ሴት ጎብጣ እያሳለች እንደ ሽማግሌ ትናገራለች። ኩቱሩ ከሆነ ጣቶቿ ይኮማተራሉ፣ እንደ ለማኝ እጇን ዘርግታ ትዞራለች። ሰዉ ተሰልፎ ይጠይቃል፤ ልጄ ለምን ታመመ፣ ገበያዬ ለምን ቀዘቀዘ። መንፈሱ መልስ ይሰጣል፣ ይቆጣል፣ ገንዘብ ይቀበላል። መሄጃው ሲደርስ ሴትዮዋ ታስነጥሳለች። ማስነጠሱ መሰናበቻ ነው። ከዚያ ዓይኗን አሻሽታ የሆነውን ሁሉ እንደማታውቅ ትቀመጣለች።

ይህን ያየ ሰው ሁሉ «ጋኔን ማስወጣት» ይለዋል፤ ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል። ቦሪ አያስወጣም፣ ያስታርቃል። የታመመችው ሴት ኢና ከያዘቻት ኢናን ማባረር አይቻልም፤ የምትፈልገውን ማወቅና መስጠት፣ በየጊዜውም ማስታወስ ነው ያለው። የዚህ ሕክምና ስም «ጊርካ» ነው። ቃሉ ወጥ ቤት ውስጥም ያው ነው፤ ድስት መጣድ ማለት ነው። እኔ ከቦሪ ቃላት ሁሉ ይህን እወደዋለሁ። ሕመምተኛዋ ትጣዳለች፣ እሳቱ በዝግታ ይነድዳል፤ ለቀናት ሥራ ሥርና ቅጠል በተዘፈዘፈበት ውሃ ትታጠባለች፣ ትታጠናለች፤ ጎጌ መቺው መናፍስቱን ተራ በተራ እየጠራ የትኛው ዜማ ላይ ሰውነቷ እንደሚመልስ ይታያል። ያ ሲታወቅ የሚገባው እንስሳ ይታረዳል። ስትወጣ ያሳመማት መንፈስ ጠባቂዋ ሆኗል፤ ብልኀት ካላትም ነገ እሷው ሌሎችን ታክማለች።

መድኃኒት በሐውሳ «ማጋኒ» ይባላል፤ ቃሉ ቅጠሉንም፣ ክታቡንም፣ ብረት እንዳይበሳው ሰው የሚታጠቀውንም ይይዛል። በማጋኒ የሚኖረው ባለ ቦሪው ብቻ አይደለም። «ቦካ» የሚባለው ሥራ ሥሩን ያውቃል። «ማላም» ሰሌዳ ላይ የጻፈውን የቁርዓን አንቀጽ በውሃ አጥቦ ያጠጣል። «ዋንዛሚ» የሚባለው ደግሞ ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ይላጫል፣ ይገርዛል፣ የሕፃን እንጥል ይቆርጣል፣ ቀንድ ጀርባ ላይ ደፍቶ ደም ይመጥጣል። ዋግምቱንም እንጥል መቁረጡንም ከሐኪም ምክር ይልቅ ከአያቶቻችን የሰማን ስለሆንን እዚህ ላይ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም። የቀንዱ ስም «ቃሆ» ነው፤ ሐውሳ እንደኛው «ቀ» አላት። ሩቅ ዘመድ ናት፤ «ሙቱ» ሲሉ «ሞተ» ማለታቸው ነው።

ታሪኩ ሰፊ ነው፤ ከሁሉ የማይታለፉትን ልንካ። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) እስልምና ወደ ሐውሳ ከተሞች ወደ ካኖ፣ ወደ ካትሲና፣ ወደ ዛሪያ ከገባ በኋላም ነገሥታቱ ሰላታቸውን እየሰገዱ ቦሪውንም አልተዉትም። በጎቢር «ኢና»፣ በማራዲ «ኢያ» የሚባል የቤተ መንግሥት ሴት ማዕረግ ነበር፤ ባለ ማዕረጓ የቦሪው ኀላፊ ናት። በ1804 የፉላኒው ሼህ ኡስማን ዳን ፎዲዮ በነዚህ ነገሥታት ላይ ጂሃድ ሲያውጅ ከክሱ አንዱ ይኸው ነበር፤ እምነቱን ከባዕድ አምልኮ ጋር ቀላቅላችኋል የሚል። ሶኮቶ ላይ ትልቅ መንግሥት ተመሠረተ። ቦሪ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ሴቶች ጓሮ ገባ፤ ፈት ሴቶችና ከባል ቤት የሸሹ ሴቶች ቤትም ቤተሰብም አገኙበት። እስልምናውን ያልተቀበሉት ሐውሳዎች በናይጄሪያ ማጉዛዋ፣ በኒጀር አዝና ይባላሉ። ከአዝናዎቹ መሪዎች አንዷ፣ ሳራውኒያ (ንግሥት) ተብላ የምትታወቀው የሉጉ ሴት፣ በሚያዝያ 1899 አገሩን እያቃጠለ የሚያልፈውን የፈረንሳይ ጦር ተዋግታዋለች።

ቦሪ አገሩ ብቻ አልቀረም። በሰሐራ በኩል ተሽጠው ወደ ሰሜን የተወሰዱ ሐውሳዎች ቱኒስና ትሪፖሊ ይዘውት ደረሱ፤ አንድ እንግሊዛዊ መኮንን እዚያ ያየውን በ1914 መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል። ወደ ምሥራቅ ደግሞ የሐጅ መንገድ ነበር። እንግሊዞች በ1903 ሶኮቶን ሲይዙ ሸሽተው ወደ መካ ያቀኑ ብዙ ሰዎች ሱዳን ላይ ቀሩ፤ በጥቁር ዓባይ ዳር ከሰናር አጠገብ ያለችው ማይ ውርኖ የነሱ መንደር ናት። በሱዳን ቦሪና ዛር ተገናኙ፤ አንዱ የሱዳን ዛር ዓይነት ዛሬም «ዛር ቦሪ» ይባላል። እዚያው የሱዳን ዛር ውስጥ «ሐበሻ» የሚባል የመንፈስ ወገንም አለ። እኛም ለካ የሰው ዛር ሆነናል።

መንፈስ መሆን የማይቀርለት ባዕድ ደግሞ ነጩ ነበር። በ1920ዎቹ በኒጀር አዳዲስ መናፍስት መጡ፤ ሐውሳዎች ባቡሌ ይሏቸዋል፣ ሌሎች ደግሞ ሐውካ፣ እብደት ማለት ነው። እነዚህ ወታደሮች፣ ጄኔራሎችና ገዢዎች ናቸው፤ ቀጥ ብለው ይራመዳሉ፣ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ትእዛዝ ይጮኻሉ፣ በእሳት ገላቸውን ይተኩሳሉ። ከተከታዮቹ ብዙዎቹን ያሰረ አንድ የፈረንሳይ አስተዳዳሪ ራሱ በኋላ መንፈስ ሆኖ ከነቁጣው ይጋልባቸው ጀመር።

ዛሬ ቦሪ በሰሜን ናይጄሪያ ከበፊቱ ይልቅ ድምፁን ዝቅ አድርጓል። ከ1999 ማለቂያ ጀምሮ የሰሜን ክልሎች ሸሪዓን ሲያስፋፉ ባለ ቦሪዎች መሸሸግ ያዙ፤ ጂን ያዘው የሚባለው ሰው አሁን በብዛት የሚሄደው ቁርዓን ወደሚቀራበት ነው። የሚያስወጣው ሕክምና የሚያስታርቀውን እየተካው ነው። በኒጀር ገጠር ግን ጎጌው አልቆመም።

ቃሉም አልሞተም። በ2003 ካኖና ሌሎች የሰሜን ክልሎች የፖሊዮ ክትባትን አቆሙ፤ የተወራው ክትባቱ ሴት ልጅ ያመክናል ተብሎ ነበር፣ ከቦሪ ጋር የተያያዘ ነገር አልነበረውም። ከዓመት ገደማ በኋላ ክትባቱ ተመለሰ። የጤና ሠራተኞቹ ሁለት ጠብታ ይዘው በየቤቱ ሲዞሩ፣ ሼሆቹም በየመስጊዱ ሲሰብኩ፣ በሽታውን የጠሩት በዚያው በድሮ ስሙ ነበር። በነሐሴ 2020 አፍሪካ ከዱር የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ሲታወጅ፣ የመጨረሻዋ ነፃ የወጣች አገር ናይጄሪያ ነበረች፤ የሐውሳ ጣቢያዎችም ለአድማጮቻቸው የነገሩት የሻን ኢናን መጥፋት ነው።