የጠመንጃ «ፕሮቨናንስ» ምንድን ነው? የጦር ሜዳ ታሪክስ ዋጋ የሚጨምረው መቼ ነው?

ሐረር ወይም ድሬዳዋ ውስጥ አሮጌ ጠመንጃ የተሰቀለበት ቤት ገብታችሁ «ይሄ የምን ዘመን ነው?» ብትሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምትሰሙት መልስ «የአድዋ ነው» የሚል ነው። አንዳንዱ እውነት ነው። ብዙው ግን እውነት ይሁን አይሁን የሚያሳይ ምንም ነገር አብሮት የለም። የዋጋው ልዩነት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

ፕሮቨናንስ ማለት አንድ ዕቃ ከተሠራ ጀምሮ በማን እጅ፣ የት፣ መቼ እንዳለፈ የሚያሳይ፣ በማስረጃ የተደገፈ ታሪክ ነው። ማስረጃው ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። ፎቶ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የመሣሪያ ፈቃድ፣ ወይም ብረቱ ላይ የተመታ ማህተምም ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ታሪኩ ከዚያች ከአንዷ ጠመንጃ ጋር መያያዙ ነው እንጂ ከአምሳያዎቿ ጋር መያያዙ አይደለም።

ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት አንድ ሽጉጥ ልጥቀስ። የአሜሪካው ሸሪፍ ፓት ጋሬት ቢሊ ዘ ኪድ የተባለውን ሽፍታ የገደለበት ኮልት እ.ኤ.አ. በ2021 በጨረታ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። የዚያው ዓይነት ሽጉጥ፣ ያ ታሪክ ባይኖረው፣ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ብቻ ነው የሚያወጣው። ሽጉጡ ከእጃቸው ወጥቶ ስለነበር የጋሬት ባለቤት ፍርድ ቤት ሄደው ተከራክረው ነው ያስመለሱት። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሴትዮዋ የባላቸውን ዕቃ ፍለጋ ያደረጉት ክርክር በኋላ ለሽጉጡ ጠንካራ የታሪክ ማስረጃ ሆነለት።

ወደ ጦር ጠመንጃዎች ስንመጣ ነገሩ ይረቃል። የሁለተኛው ዓለም ጦርነት የጃፓን ጠመንጃ፣ አሪሳካ የሚባለው፣ አናቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ባለ 16 ቅጠል የአበባ ምልክት ነበረው። ጃፓን እጅ ስትሰጥ ምልክቱ ከብዙዎቹ ላይ በሞረድ ተፋቀ። ስለዚህ አበባው ሳይነካ ያለበት ጠመንጃ ሲገኝ ሰብሳቢዎች «ይሄ ከሽንፈቱ በፊት ጦር ሜዳ ላይ የተማረከ ሊሆን ይችላል» ብለው ያስባሉ፣ ዋጋውም ከተፋቀው ይበልጣል። የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ ሞረድ ማለፉና አለማለፉ ነው ዋጋውን የሚለየው።

ታዲያ ጦርነት ያየ ሁሉ ይወደዳል ማለት አይደለም። ማውዘር የሚባለውን የጀርመን ጠመንጃ ተመልከቱ። አንድ አሜሪካዊ ወታደር ማርኮ ቤቱ ይዞት የገባ፣ በየክፍሎቹ ላይ የተመታው ቁጥር ሁሉ አንድ የሆነ፣ አዛዡ የፈረመበት የምርኮ ወረቀት አብሮት ያለ ከሆነ ውድ ነው። በአንጻሩ ሶቪየቶች የማረኩትን ማውዘር ፈታትተው፣ አጽድተው፣ የአንዱን ክፍል ከሌላው ጋር ገጣጥመው ነው መጋዘን ያስገቡት። ያም እውነተኛ የጦርነት ታሪክ ነው፣ ግን ቁጥሮቹ ስለማይገጥሙ ዋጋው ዝቅ ይላል። የምርኮ ወረቀትም ቢሆን የጠመንጃው ቁጥር ካልተጻፈበት ከፈለጉት ጠመንጃ ጋር አስጠግቶ መሸጥ ይቻላል። ይሄን የሚያደርጉ ነጋዴዎች አሉ።

አሁን ወደ እኛው ሰፈር። እዚህ «የአድዋ ነው» የሚለውን ወሬ ማናናቅ አልፈልግም፣ ምክንያቱም ምሥራቁ በእርግጥም የጠመንጃ መንገድ ነበር። ግብጾች በ1868 ዓ.ም. ሐረርን ሲይዙ ሬሚንግተን የሚባል ጠመንጃ ታጥቀው ነው የመጡት። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የኖረ ሰው ነው፣ በታጁራ በኩል ለምኒልክ ጠመንጃ ያመጣ ነጋዴም ነበር። ራስ መኰንን የሐረርን ጦር ይዘው አምባላጌ፣ መቀሌ፣ ከዚያም አድዋ ዘምተዋል። በ1895 ዓ.ም. ደግሞ ባቡሩ ከጂቡቲ ድሬዳዋ ደረሰ፣ መሣሪያም እንደ ሌላው ዕቃ በሐዲዱ ገባ። ስለዚህ ጀጎል ውስጥ የአድዋ ምርኮ ቢገኝ የሚገርም አይደለም። አስቸጋሪው በዚህ ሁሉ መንገድ ከገባው መካከል የትኛው እንደሆነ መለየቱ ነው።

አንድ ጊዜ ሸዋ በር አካባቢ አንድ ሽማግሌ ቤት ቬተርሊ የሚባል የጣሊያን ጠመንጃ አየሁ። «አያቴ አድዋ ላይ ከጣሊያን የማረከው ነው» አሉኝ። ቬተርሊ መሆኑ መልካም ምልክት ነበር፣ ምክንያቱም አድዋ ላይ የጣሊያን ጦር በብዛት የያዘው እሱን ነው። ባዶ መሆኑን አረጋግጠን «አባባ፣ እስቲ አፈሙዙን ልየው» አልኳቸው። የልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት እርሳስ አመጣችልኝ፣ አፈሙዙ ውስጥ ላስገባው ብሞክር እምቢ አለ።

ያች እርሳስ ብዙ ነገረችኝ። የአድዋው ዘመን ቬተርሊ አፈሙዝ ስፋት 10 ሚሊ ሜትር ግድም ስለሆነ እርሳስ ገብቶ ይንቀጫቀጭበታል። ጣሊያኖች ግን በአንደኛው ዓለም ጦርነት ጊዜ መሣሪያ ሲያጥራቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ፣ መጋዘን የነበረውን ቬተርሊ አውጥተው አፈሙዙን በውስጥ ቧንቧ አጥብበው 6.5 ሚሊ ሜትር አደረጉት፣ ካዝናውንም ቀየሩት። እንግዲህ በ1888 ዓ.ም. ተማርኮ ሐረር የቀረ ጠመንጃ ከሃያ ዓመት በኋላ ጣሊያን አገር ሄዶ ሊጠብብ አይችልም።

ሽማግሌው አዘኑ። እኔ ግን ማዘን ያለባቸው አይመስለኝም። አያትየው አልዘመቱም ማለት አይደለም። ምናልባት የእሳቸው ጠመንጃ በሌላ ተለውጦ ይሆናል፣ በአገራችን መሣሪያ መለዋወጥ የተለመደ ነው። ይሄኛው ደግሞ በ1928 ወረራ ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ ገብቶ ከአርበኛ እጅ የደረሰ ከሆነ፣ ያም ትልቅ ታሪክ ነው፣ የሚጠይቅለት ሰው ካገኘ።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ሰዎች ለእንግዳ እንዲያምር ብለው ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ቬርኒሽ ይቀቡታል፣ ብረቱንም እስኪያብለጨልጭ ይፈትጉታል። የፋብሪካው ስም፣ የተሠራበት ዓመት፣ ቁጥሩ፣ አንዳንዴም ባለቤቱ በቢላ የቀረጸው ስም ወይም መስቀል አብሮ ይሄዳል። በአንድ ከሰዓት ሥራ የመቶ ዓመት ማስረጃ ይጠፋል ማለት ነው፣ አቦ እባካችሁ አታድርጉት!

ፕሮቨናንስ ዋጋ ብቻ አይደለም የሚያመጣው፣ የባለቤትነት ጥያቄም ያመጣል። ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ጋሻ እ.ኤ.አ. በ2024 እንግሊዝ አገር ለጨረታ ሊቀርብ ሲል በኢትዮጵያ ጥያቄ ከጨረታው ወጥቷል። ጋሻውን ለጨረታ ያበቃው የመቅደላ ታሪኩ ነው፣ ከጨረታው ያስወጣውም ያው ታሪኩ ነው። በእኛም አገር ቅርስን ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ መላክ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ክልክል ነው። ጠመንጃ መያዝ ራሱ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። የፈቃድ ወረቀት ስማችሁንና የጠመንጃውን ቁጥር አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ እሱም ነገ ማስረጃ ነው።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ካለ ዘይት በነካ ጨርቅ ከመጥረግ ያለፈ ነገር አታድርጉበት። ማህተሙንና ቁጥሩን በስልካችሁ ቅርብ አድርጋችሁ አንሱ። ከዚያ ትልቁን ሰው ቁጭ አድርጋችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፦ ከማን ወረሱት? ያ ሰው ከማን አገኘው? በየትኛው አለቃ ሥር ዘመተ? «የአድዋ ነው» ሲሏችሁ ማን እንደነገራቸው ጠይቁ። የሰማችሁትን ጻፉ፣ የማያውቁትንም «አያውቁም» ብላችሁ ጻፉት፣ ቀኑንና የጠመንጃውን ቁጥር ጨምሩበት። ማቆየት ካልቻላችሁ ደግሞ ለደላላ ከመስጠታችሁ በፊት ጀጎል ውስጥ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም አማክሩ፣ ቀረጻውንም ከጠመንጃው ጋር ይዛችሁ ሂዱ።