ሰው ሠራሽ ጉልበት «25 ዓመት ይቆያል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ 100 ጉልበቶች 82 ያህሉ 25 ዓመት ይቆያሉ ሲባል የተቆጠረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተተከለው አካል በድጋሚ ቀዶ ሕክምና አለመቀየሩ። የሕመም ስሜት አልተቆጠረም፤ ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚታጠፍም እንዲሁ። ደረጃ መውረድ ያቃተው፣ ሌሊት ሕመም የሚቀሰቅሰው ሰው እንኳ ዳግም ቀዶ ሕክምና እስካላደረገ ድረስ ጉልበቱ «እንደቆየ» ይመዘገባል። ይህ ቀላል ክፍተት አይደለም፤ ከ100 ታካሚዎች ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት በውጤቱ አይረኩም።

የታካሚውን ስሜት የሚለካው መጠይቅ ነው። የኦክስፎርድ የጉልበት መለኪያ 12 ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 48 ሲሆን ከፍ ያለው የተሻለ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት መሞላቱን አጥብቀው ይጠይቁ፤ መነሻው ከሌለ ከዓመት በኋላ የሚገኘው ቁጥር መሻሻሉን አያሳይም።