ፍሎሮሲስ ምንድን ነው?

አዳማ፣ መቂ ወይም ዝዋይ ተወልዶ ያደገ ሰው አዲስ አበባ ገብቶ ሲስቅ አገሩ ሳይጠየቅ ይታወቃል ይባላል። ጥርሱ በልዟል። አንዳንዱ ላይ ጠመኔ የመሰለ ነጭ መስመር፣ አንዳንዱ ላይ ቢጫ፣ የባሰበት ላይ ደግሞ ቡናማና የተቦረቦረ ነው። በመፋቂያ ቢፋቅ አይለቅም፤ ቆሻሻ አይደለምና። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ አብሮት የተሠራ ነው። ፍሎሮሲስ ማለት ይህ ነው፤ በአብዛኛው ከሚጠጣ ውሃ በሚገባ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ (አለትና ውሃ ውስጥ የሚገኝ ማዕድን) የሚመጣ የጥርስና የአጥንት ጉዳት።

ፍሎራይድ በጥቂቱ ለጥርስ ይበጃል፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረውም ለዚሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር ውሃ 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ግን 10 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። ምንጩ የእሳተ ገሞራ አለት ነው። ውሃው ከመሬት በታች ሞቆ በአለቱ መካከል ሲመላለስ ፍሎራይዱን ያሟሟል፤ ፍሎራይድን ይዞ የሚያስቀረው ካልሲየም ደግሞ በዚያ ውሃ ውስጥ ጥቂት ነው።

ነገሩን ክፉ የሚያደርገው ፍሎራይድ ቀለምም ሽታም ጣዕምም የሌለው መሆኑ ነው። ኩልል ብሎ የሚወርድ ውሃ ሊጎዳ ይችላል ብሎ ማን ይጠረጥራል? የለመድናቸው መድኃኒቶችም እዚህ አይሠሩም። ውሃ አጋር ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይዱን አይነካውም። ማፍላት ጭራሽ ያባብሰዋል፤ እንፋሎቱ ሲሄድ ፍሎራይዱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ጠልቆ መቆፈርም ዋስትና አይደለም።

አዋቂ ሆኖ ወደ አካባቢው የሄደ ሰው ጥርሱ አይበልዝም፤ አጥንቱ ግን ሊጎዳ ይችላል። በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ውሃውን ለብዙ ዓመታት ከጠጡት ሠራተኞች መካከል ጀርባቸው አልታጠፍ፣ አንገታቸው አልዞር ያላቸው ነበሩ። ወተትና መሰል ካልሲየም ያለው ምግብ በማይገኝበት ቤት ጉዳቱ ይከፋል።

ማጣሪያ አለ። አንዱ የአጥንት ከሰል ነው፤ የከብት አጥንት አየር በታፈነበት ምድጃ ተቃጥሎ ጥቁር ፍርፋሪ ሲሆን ውሃው በዚያ ውስጥ ያልፋል። ፍሎራይድ የሰው ጥርስ ላይ እንደሚጣበቅ ሁሉ የከብት አጥንት ላይም ይጣበቃል፤ የሁለቱ ማዕድን አንድ ዓይነት ነውና። ሐሳቡ ያምራል። ግን በጾም ቀን በአጥንት የተጣራ ውሃ ይጠጣል ወይ? ከብቱን ያረደውስ ማን ነው? መሐንዲሱ ይህን ሳይጠይቅ ማጣሪያውን ተክሎ ቢሄድ ጥፋቱ የመንደሩ አይደለም። ሌላው በሕንዱ ናልጎንዳ አውራጃ ስም የሚጠራው ዘዴ ነው፤ አልሙኒየም ሰልፌትና ኖራ ውሃው ውስጥ ጨምሮ ማማሰል፣ አዝቅጦ ከላይ ያለውን መቅዳት። ርካሽ ነው፤ የሚመዝን፣ የሚያማስልና ዝቃጩን የሚደፋ ሰው ግን በየቀኑ ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው የአጥንት ከሰሉ መጥገቡ ነው። የጠገበ ማጣሪያ ውሃ እንደ ወትሮው ያወርዳል፤ ጣዕሙ አይለወጥም፣ አይደፈርስም፣ ፍሎራይዱን ግን እያሳለፈ ነው። ይህ የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው። መርማሪው ከወረዳ ከተማ የሚመጣ ከሆነ፣ መኪናውም ነዳጅ ካጣ፣ እናት ልጇን ከማጣሪያው እያጠጣች ፍሎራይድ ታጠጣዋለች።

ስለዚህ እኔ የማደላው ወደ ቧንቧ ነው። የደጋው ውሃ ፍሎራይዱ ዝቅ ያለ ነው፤ ከዚያ ወደ ቆላው ብዙ ቀበሌ በሚያዳርስ መስመር ሲወርድ ወጪው መጀመሪያ ላይ ይከብዳል እንጂ በየቤቱ ማጣሪያ መቀየር አያስፈልግም። መስመሩ እስኪደርስ ከቆርቆሮ ጣሪያ በአሸንዳ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃ ለመጠጥና ለወጥ ይሁን፤ ፍሎራይድ የለበትም ማለት ይቻላል።

የበለዘው አይመለስም። ቧንቧው ዛሬ ቢገባ እንኳ ለውጡ የሚታየው ዘንድሮ የተወለደው ልጅ የወተት ጥርሱን ጣሪያ ላይ ወርውሮ አዲሱን ሲያበቅል ነው።