«የዝናብ ዕድል 40 በመቶ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄው ደጋግሞ ስለመጣ አንዴ በደንብ እንየው። ትንበያው «የዝናብ ዕድል 40 በመቶ» ሲል የቀኑን 40 በመቶ ይዘንባል ማለት አይደለም። ዝናቡ ከባድ ነው ወይ ቀላል ነው ማለትም አይደለም። እናንተ ባላችሁበት ቦታ፣ በተባለው ጊዜ ውስጥ፣ ሊለካ የሚችል ዝናብ የመጣሉ ዕድል ነው። በቃ።

40 በመቶ የተባለላቸውን 10 ቀናት ብትቆጥሩ፣ ትንበያው ጥሩ ከሆነ በ4ቱ ገደማ ይዘንባል። ስለዚህ ጃንጥላ ተሸክሞ ውሎ ደርቆ መመለስ ብቻውን ትንበያው ተሳስቷል አያሰኝም።

ግራ መጋባቱ የሚብሰው ባሕር ዳርቻው ተራራማ በሆነ አካባቢ ነው፤ በተለይ በሙቀት ወራት። ከባሕር የሚነፍሰው እርጥብ አየር ተራራው ጋ ሲደርስ ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ደመና መሥራት እስኪጀምር ድረስ በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ። ከዚያ ደመና፣ ከዚያ ዝናብ። ተሻግሮ ሲወርድ ግን ይሞቃል፣ ይደርቃል። በአንዱ ጎን ያለው ገበሬ «እሰይ፣ መጣልኝ» ሲል በሌላው ጎን ያለው አቧራ የሚቅመው ለዚህ ነው። ነፋሱ አቅጣጫ ከቀየረ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል።

ከትንበያ ትንበያ የሚለያየው ጊዜው ነው። አንዱ ለ1 ሰዓት፣ ሌላው ለ12 ሰዓት ያወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የሰዓቱን 40 ከግማሽ ቀኑ 40 ጋር ያወዳድራል። ስንት ሚሊሜትር ይጥላል የሚለውማ ሌላ ቁጥር ነው።