«መንፈሳዊ ወሊድ» ምንድን ነው?

ስለ እርግዝናና ወሊድ መንፈሳዊ ገጽታ የሚጻፉ መጻሕፍት መብዛታቸው ደስ ይለኛል። ደስ የማይለኝ ከእነሱ ተቀንጭቦ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞረው አንድ አባባል ነው፦ «በመንፈስ የተዘጋጀች ሴት ምጧ ቀላል ነው።» ሰሞኑን አንድ ተከራካሪ ከዚህም አልፎ፣ በኦፕራሲዮን የወለዱ ሴቶች «ራሳቸውን ለሰውነታቸው መልቀቅ ስላቃታቸው ነው» ሲል ሰማሁት። አዋላጅ ነኝና ይህን ሰምቼ ማለፍ አልቻልኩም።

መንፈሳዊ ወሊድ የሚባለው ሴቲቱ በምጥ ሰዓት ከራሷ፣ ከፈጣሪዋ፣ ከሚመጣው ልጅና አጠገቧ ካሉ ሰዎች ጋር የሚኖራት ነገር ነው። አንዷ ትጸልያለች፣ አንዷ ዓይኗን ጨፍና ዝም ትላለች፣ ሌላዋ የእህቷን እጅ ጨብጣ ትጮኻለች። ሦስቱም መንፈሳዊ ወሊድ ሊሆኑ ይችላሉ። የማሕፀን በር በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ግን ከዚህ ተነስቶ መናገር የሚችል የለም።

ግርታው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ግራንትሊ ዲክ-ሪድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው መጽሐፍ ፍርሃት ሰውነትን ይወጥራል፣ መወጠሩ ሕመሙን ያባብሳል፣ ሕመሙም መልሶ ፍርሃትን ይቀሰቅሳል አለ። ለዚህ ሐሳብ ያነሳሳችው ክሎሮፎርም የተባለውን ማደንዘዣ ሲያቀርብላት አልፈልግም ብላ በእርጋታ የወለደች አንዲት ሴት ነበረች። የተናገረውን በምጥ ክፍል በየቀኑ እናየዋለን። የፈራች ሴት ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ መንጋጋዋ ይጨመደዳል፤ በአንዱ ምጥና በሚቀጥለው መካከል ያለችውን አጭር እረፍት እንኳ ሳታገኛት ታልፋለች። ታዲያ ፍርሃት ሕመምን ያባብሳል ማለት ሌላ ነው፣ ሕመሙ ሁሉ ከፍርሃት ይመጣል ማለት ሌላ። ማሕፀን ትልቅ ጡንቻ ነው፤ ሲኮማተርና የማሕፀን በር ሲሳሳ ደፋሯንም ያማታል። ዲክ-ሪድ ራሱ ማስታገሻ የምትፈልግ ሴት ትከልከል አላለም። ይህን የሐሳቡን ግማሽ ተከታዮቹ ብዙ ጊዜ ጥለውታል።

ነገሩን በሞላ ወንዝ ላስረዳ። ወንዝ የሚሻገር ሰው ልቡ ከተረጋጋ እግሩን አጽንቶ ይረግጣል፣ ጉልበቱን ይቆጥባል፣ ወዲያ ማዶ ሆኖ የሚጠራውን ሰው ይሰማል። የደነገጠው መሃል ሳይደርስ ይዝላል። እስከዚህ ድረስ መጻሕፍቱ ልክ ናቸው። ነገር ግን ከላይ የሚወርደው ጎርፍ የተሻጋሪውን ልብ አይቶ አይመጣም። እንግዴ ልጁ የማሕፀን በሩን ሸፍኖ ከተቀመጠ፣ ሕፃኑ አግድም ከተኛ፣ እናቲቱ የደም ግፊቷ ከ140/90 አልፎ ራሷን ከወጋትና ዓይኗ ከተወናበደ፣ ይህ ጎርፍ ነው። ያን ጊዜ በድልድይ የተሻገረችው አልተሻገረችም ሊባል ነው? ኦፕራሲዮን ድልድይ ነው። ማዶው ያው ማዶ ነው፣ የተሸከመችው ልጅም ያው ነው። ምሳሌው የሚጎድለው ነገር አለ፤ በወሊድ ሴቲቱ ተሻጋሪም ወንዝም ናት፣ ጎርፉ የሚነሳው ከገዛ ሰውነቷ ነው። «ሰውነትሽን እመኚው» የሚለው ምክር አንዳንዷን የሚያቆስላት ለዚህ ነው። አምናው ነበር፤ ጎርፉም ከዚያው መጣ።

ለተከራካሪው የምመልስለት በራሱ ወገን ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ አይና ሜይ ጋስኪን የተባለች አሜሪካዊት አዋላጅ በስሙ ሳይቀር አዋላጅነትን ከመንፈስ ጋር ያገናኘ መጽሐፍ አወጣች፤ የዘርፉ ዋና መጽሐፍ እስከ ዛሬም እሱ ነው። በመጽሐፉ ሴቶች በቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1971 በተመሠረተ አብሮ የሚኖር ማኅበር ውስጥ እንዴት እንደወለዱ በራሳቸው አንደበት ይተርካሉ። ብዙ አንባቢ ትረካውን ያነብና የኋላውን ክፍል ይዘለዋል። የኋላው ክፍል ለአዋላጆች የተጻፈ ነው፤ ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ሕፃኑ አቀማመጥ፣ ስለ ድንገተኛ ችግር ያስተምራል። የጋስኪን ስም በሕክምናው ዓለም የሚታወቀውም በአንድ የአሠራር ዘዴ ነው። የሕፃኑ ጭንቅላት ወጥቶ ትከሻው ሲያዝ እናቲቱን በእጅና በጉልበቷ ማንበርከክ ነው፤ ዘዴውን ያገኘችው ከማዕከላዊ አሜሪካ አዋላጆች ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት እንዲህ የተረዱ 82 ወሊዶችን አይቶ፣ በ68ቱ ሌላ ዘዴ ሳያስፈልግ ሕፃኑ መውጣቱን ዘግቧል። ትከሻ ሲያዝ የሚቆጠረው በደቂቃ ነው። ስለ መንፈስ አብዝታ የጻፈችው ሴት ለዚያች ደቂቃ እጇን አሠልጥና ነበር።

መንፈሳዊው ወገን ከንቱ ነው የሚሉ ባልደረቦችም አሉኝ፤ እነሱም ተሳስተዋል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመው ግምገማ 26 ጥናቶችንና ከ15,000 በላይ ሴቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ በምጥ ሰዓት ሳትለይ የምታግዛት ሰው ያላት ሴት ያለ ኦፕራሲዮንና ያለ መሣሪያ የመውለድ ዕድሏ ከፍ እንደሚል፣ ምጧም በመጠኑ እንደሚያጥር አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ሴቲቱ ራሷ የመረጠችው ሰው አጠገቧ እንዲሆን ይመክራል። ይህ የብዙዎች አማካይ መሆኑ ግን አይረሳ። ጥሩ አጋዥ ኖሯት በኦፕራሲዮን የወለደችው ሴት ምን እንዳጎደለች አይነግረንም፤ ምንም ላታጎድል ትችላለችና።

በጣም የሚያንገበግበኝም እዚህ ላይ ነው። ወራት ሙሉ መጽሐፉን አንብባ፣ ትንፋሿን ተለማምዳ፣ ጸልያ፣ በመጨረሻው ሰዓት የሕፃኑ የልብ ምት ወርዶ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል የተወሰደች ሴት አለች። አራስ ቤት ተኝታ «ምን ጎድሎኝ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። «አልተዘጋጀሽም» ማለት በቁስሏ ላይ እንጨት መስደድ ነው። ከወለዱ ሴቶች 13 በመቶ ያህሉ፣ እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፤ በአብዛኛው ድብርት ነው። ድብርት የእምነት ማነስ አይደለም፣ ይታከማል።

ስለ ሌላ ስጽፍም ሳልናገረው የማላልፈው ነገር አለ። ያላመመ ምጥ ሁሉ ደኅና ምጥ አይደለም። በጸጥታ፣ እየሳቀች የወለደች ሴትም ማሕፀኗ ሳይኮማተር ቀርቶ ደም ሊፈሳት ይችላል፤ ከወለደች በኋላ ሆዷን የምንዳስሰው ለዚህ ነው። መጻሕፍቱ «ውስጣዊ ድምፅሽን ስሚ» ሲሉ እስማማለሁ፣ ድምፁ «ሂጂና ታዪ» ሲልም እስከተሰማ ድረስ። የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ደም ከታየ፣ ብርቱ ራስ ምታት ካልለቀቀ፣ ውስጣዊው ድምፅ ምንም ቢል ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ልትገዛ ያሰበች ሴት ስትጠይቀኝ መጀመሪያ የወሊድ ታሪኮቹን አገላብጪ እላታለሁ። በኦፕራሲዮን ያለቀ ወሊድ አለበት? ኤፒዱራል፣ ማለትም በጀርባ የሚሰጥ የምጥ ማስታገሻ፣ የወሰደች ሴት አለችበት? ካሉስ የተተረኩት እንደ ሌሎቹ በክብር ነው ወይስ እንደ መጥፎ ምሳሌ? ጸሐፊው ስለ ደም መፍሰስ አንድ ገጽ እንኳ ጽፏል? ይህ ሁሉ ከሌለበት ለጸሎቱና ለትንፋሽ ልምምዱ ታንብበው፤ የት እንደምትወልድና መቼ እርዳታ እንደምትጠራ ግን ከአዋላጇ ጋር ቁጭ ብላ ትወስን።